የወረቀት አራሚ

እንጀራዬ ማረም ነው። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት ጓዳ፣ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ግድግዳ በሚከፈት ክፍል ተቀምጬ፣ ከሰው ጽሑፍ መሐል ያለቦታው የበቀለውን ስነቅል ኖሬአለሁ። ሥራው ትዕቢት ያስተምራል፤ አልዋሽም። የሠርግ ጥሪ ካርድ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ለሙሽራው አባት መልሼ አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት በር ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ አራት ነጥብ ልጨምር ስል ባለቤቴ ክንዴን ጎትታ አስቀርታኛለች። «ሥራህ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሁሉ «አራሚ ነኝ» የምለው ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር፤ አማቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከመንዝ እስኪመጡ ድረስ።

«አራሚ?» አሉኝ፣ ሞራ በጋረደው ዓይናቸው ወደ ድምፄ አቅጣጫ እያዩ። «እሰይ! ምን ዘርተህ?»

«አይ እማማ፣ የወረቀት ነው።»

«ወረቀትም አረም ያበቅላል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስቆ ያልፋል። እኔ ግን ያን ሰሞን የምመካበት ነገር ነበረኝና እጃቸውን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ወሩ ግንቦት ነው። አሥራ ስምንት የቲማቲም ችግኝ በድጋፍ እንጨት ታስሮ፣ እንደ ወታደር ተሰልፎ ቆሟል። እማማ ጎንበስ ብለው አንዷን ቅጠል በጣታቸው አሹና አሸተቱ።

«ቲማቲም ነው። ክረምት ሊገባ ነው እኮ ልጄ፤ ማን ትከል አለህ በል?»

«በጸደይ ነው የተከልኩት» አልኳቸው፣ ቃሉን ረገጥ አድርጌ።

«እኛ አገር እንኳ ይሄ አይበቅልም፤ ብርዱ አያሳድገውም። ዝናብ ምን እንደሚያደርግ ግን አውቃለሁ» ብለው በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ እያደረጉ ገቡ።

የጓሮ እብደቴ የጀመረው በአንድ ረቂቅ ነው። አንድ የእርሻ ባለሙያ የጻፉት ወፍራም የጓሮ አትክልት መመሪያ ለእርማት መጣልኝና ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ንባብ ላይ የካሮት ዘር ስንት ጣት እንደሚቀበር፣ ቲማቲም ከቲማቲም ምን ያህል እንደሚራራቅ፣ ሰላጣ የትኛውን ጥላ እንደሚወድ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰው ሦስት ጊዜ ያነበበውን እንዴት አያውቅም? እጄ አፈር ነክቶ የማያውቅ መሆኑ ከነጭራሹ አልታወሰኝም። ለጸሐፊው በኅዳጉ ላይ ምክር ቢጤ ሁሉ ጽፌላቸዋለሁ።

ቤቱ ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ እንጦጦ ግርጌ። ጓሮው ስድሳ ካሬ ቢሆን ነው። የነበረበትን ልቁጠረው፦ አንድ ጌሾ፣ ፍሬው ሳይበስል ሕፃናት የሚጨርሱት አንድ የኮክ ዛፍ፣ አጥር ሥር ማንም ሳይተክለው የተንሰራፋ ሬት፣ እግሩ የተሰበረ የአባቴ ወንበር፣ እና ሮቶ። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት ስለምትመጣ በሰፈራችን የቤት ሁሉ ጌታ ሮቶው ነው።

በጥር ወር ሆላንድ የምትኖረው እህቴ በሰው እጅ የቲማቲም ዘር ላከችልኝ። ፓኬቱ ላይ ያለውን በስልክ ተረጎመችልኝ፤ ውርጭ ካለፈ በኋላ በጸደይ ይተከላል። ጸደይ! እዚህ ላይ ነው ነገሬ የተበላሸው። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩት ጸደይ አበባ የሚፈነዳበት፣ መስከረም ጠብቶ ሜዳው ቢጫ የሚለብስበት ነው። በሥራዬም ቢሆን ስንቱ ገጣሚ ጸደይን ከአደይ አበባ ጋር ሲያጋባ ቀይ እስክሪብቶዬ ሳይነካው አልፎታል። ግን ትንሽ ተጠራጠርኩና አጥር የሚለየንን ጎረቤቴን መሪጌታን ጠየቅኳቸው። መሪጌታ እንዲህ ያለ ጥያቄ ካገኙ ቡናቸው ቢቀዘቅዝም ግድ የላቸውም።

«ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል» አሉ ጣታቸውን እያጠፉ። «መስከረም 26 መፀው ይገባል፤ እስከ ታኅሣሥ 25። በጋው ከዚያ እስከ መጋቢት 25። ጸደይ የምትለው መጋቢት 26 ይገባና ሰኔ 25 ለክረምት ያስረክባል። አበባው ያለው በመፀው ነው። ዘመነ ጽጌስ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አይደል የሚቆመው? እናንተ ናችሁ ጸደይን ከቦታዋ ያፈናቀላችኋት።»

«እናንተ» ሲሉ የማተሚያ ቤቱን ሰው በጠቅላላ ማለታቸው ነው። አፈርኩ። ቤት ገብቼ የፈረንጁን ቀን ባሰላው መጋቢት 26 ከእነሱ አፕሪል መግቢያ ላይ ይውላል፤ እህቴ ያለችበት አገር ጸደይም እዚያው ነው። ሆላንድና ደብሩ ተስማሙ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ችግኞቼን ወደ መደብ አዛወርኩ። ዝናቡን ግን ማንም አልጠየቀውም። የሆላንድ ጸደይ ከኋላው በጋ አለው፤ የእኛ ጸደይ ከኋላው ክረምት አለው። ይህችን አንዲት መስመር የጻፈ ፓኬትም፣ የቆጠረ መሪጌታም፣ ልብ ያለ አራሚም አልነበረም። መመሪያው ውስጥስ ነበረች፤ በኋላ ገልጬ ሳይ ገጹ ላይ የኔው የቀይ እስክሪብቶ ምልክት አለ። ነጠላ ሰረዝ ጨምሬበታለሁ።

የእማማ ዓይን የተቀደደው በሰኔ መጨረሻ ነው። ፋሻው የተፈታ ለት ደጅ ወንበር አውጥተን አስቀመጥናቸው። ያን ሰሞን እኔ አጥር ሥር ያለውን ሬት ነቅዬ ጽጌረዳ ልተክል አስቤ መቆፈሪያ ሁሉ ተውሼ ነበር፤ ሬቱ ቀይ አበባውን እንደ ጧፍ አቁሟል። በድንገት አንድ ወፍ መጥታ አበባው ላይ ተንጠለጠለች። ጥቁር መሰለችኝ፤ ፀሐይዋ ስታገኛት ግን ሐምራዊ፣ ከዚያ መዳብ፣ ከዚያ እንደ ጋዝ ጠብታ ያለ ሰማያዊ ሆነች። ቆልማማ መንቁሯን በአበባው ጉሮሮ ሰዳ ማሯን ትመጥ ጀመር። ይህች ወፍ በሳይንስ ስሟ ውስጥ ተከዜ የሚል አለባት፤ ወንዛችን ተከዜ መሆኑ ነው። ደጋ የምትወድ፣ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ እንደ ልቧ የምትመላለስ ናት። የማየው ከማን ዓይን ጋር እንደሆነ እስክረሳ ቆምኩ።

«ይሄ ወፍ ብረት ነው እንዴ?» አሉ እማማ።

ጽጌረዳውን ተውኩት። ሬቱም እዚያው አለ።

ታዲያ ከወፏ ቀጥሎ እማማ ያዩት ቲማቲሜን ነው። በዚያች ቀን ገና ደህና ነበር፤ ፍሬ ይዟል፣ አረንጓዴ። ሐምሌ ገባ። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው የሚወርደው፤ የሐምሌው ድርሻ ሙሉ በሙሉ በእኔ ጓሮ ላይ የወረደ መሰለኝ። አንድ ጠዋት የታችኛው ቅጠል ላይ ቅባት የነካው ወረቀት የመሰለ ነጠብጣብ አየሁ። በማግስቱ ቡናማ ሆነ፤ ገልብጬ ሳየው በስተጀርባው ነጭ ሻጋታ እንደ ዱቄት ተበትኗል። በአምስተኛው ቀን አሥራ ስምንቱም ወታደሮች የፈላ ውሃ የተደፋባቸው ይመስል ጠቁረው ድጋፋቸው ላይ ተንጠለጠሉ። ዋግ ነው። ብርድና እርጥበት ሲገናኙለት በነፋስና በዝናብ ጠብታ ከቅጠል ቅጠል ይዘምታል። ድንችንም የሚገድለው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገብቶ ለዓመታት ድንቹን ሲያበሰብስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለቀው በዚሁ ሰበብ ነው። ይህን ለቤተሰቤ በምሳ ሰዓት ስነግር ባለቤቴ «እኛ እንኳ ገበያ አለልን» አለች።

እማማ ምንም አላሉም። ሰው ትክክል ሆኖ ሳለ ዝም ሲል የባሰ ያናድዳል።

ክረምቱ ብቻዬን አልተወኝም። እርሻ የጀመረ ሰው እንግዳ የማስተናገድ ግዴታም እንዳለበት አላወቅኩም ነበር። ጎህ ሲቀድ ጣሪያችን ላይ ሰው የሚታነቅ የሚመስል የጋራ ጩኸት ተሰማና ሌባ ነው ብዬ በሌሊት ልብሴ ዱላ ይዤ ወጣሁ። ረጅም ቆልማማ መንቁር ያላቸው፣ አገጫቸው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለ ትላልቅ ወፎች ናቸው። የወፍ አዋቂዎች ዋትልድ አይቢስ ይሏቸዋል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የሉም። አራት ሆነው ሣሩን በመንቁራቸው እየወጉ ትሉን ይለቅማሉ። ቅጠል አይነኩም፤ ይህ እውነት ነው። ግን እግራቸው የት እንደሚያርፍ ግድ የላቸውም፤ ሰላጣዬን ረግጠው አለፉ። እነሱን ተከትላ ደግሞ ከገላዋ የረዘመ ጅራት ያላት፣ ግራጫ፣ በራሷ ላይ ጉትዬ የሰራች ትመጣለች፤ በእንግሊዝኛ ስሟ የአይጥ ወፍ ማለት ነው። ይህቺኛዋ ቅጠልም ትነካለች፣ ቡቃያም ትነካለች፣ ብቻዋንም አትመጣም። ዘመዶቿ ሁሉ አብረው ተንጠልጥለው የተረፈውን ሰላጣ ወደ አፅም ቀየሩት።

አንድ ወዳጅ ግን አገኘሁ። ሬቱ ሥር፣ ሁልጊዜ ጥላ ባለበት ቦታ፣ የቡጢ ያህል የሆነ ጓጉንቸር ተቀምጦ ነበር። ቀኑን ሙሉ አይንቀሳቀስም፤ ጉሮሮው ብቻ ይነፋል። ማታ ማታ ባትሪ ይዤ ስወጣ ግን ጎመኔን የሚበሱትን ቀንድ አውጣዎች ልጆቻቸውን ጨምሮ ሲውጥ አየዋለሁ። ሙሉ ቀን ተቀምጦ በመጨረሻ ሰዓት የቀረበለትን ሁሉ ስለሚውጥ «ዋና አዘጋጁ» አልኩት። ለእማማ አልነገርኳቸውም። እማማ ጅብን በድንጋይ ያባረሩ ሴት ናቸው፤ ጓጉንቸር ግን ሲያዩ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል።

ወደ ካሮቱ ልምጣ፤ ዋናው ጉዴ እሱ ነው።

በሰኔ መጨረሻ ሁለት ሜትር መደብ አዘጋጅቼ ካሮት ዘርቼ ነበር። ለካሮት የአቅሜን ያህል ተዘጋጅቻለሁ፤ ጠጠር ለቅሜ፣ አፈር በወንፊት ነፍቼ። የካሮት ዘር ሰነፍ ነው፤ ለመብቀል ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ይፈጅበታል። አረም ደግሞ አይቦዝንም። በነሐሴ መጀመሪያ መደቡ አረንጓዴ ሆነ። ፍልሰታ ስለገባ እማማ ጠዋት ወጥተው ቅዳሴ ሳያልቅ ስለማይመለሱ ሜዳው የኔ ነው። መኮትኮቻዬን ይዤ፣ መነጽሬን አጥልቄ ተንበረከክሁ። ያኔ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ሃያ ስምንት ዓመት የተዘጋጀሁበት ቀን ነው። ሁለት ዓይነት ቡቃያ አለ፦ አንዱ ደንደን ያለ፣ ረድፍ የያዘ የሚመስል፣ ቅጠሉ የተተለተለ፤ ሌላው ቀጭን፣ እንደ ፀጉር የሳሳ፣ ኮስማና። ደንደን ያለው ካሮት መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም አልኩ። ኮስማናውን አንድ በአንድ፣ ከነሥሩ፣ እንደ ፊደል ግድፈት እየለቀምኩ ነቀልኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ወገቤ ተቆረጠ፤ መደቡ ግን እንደታረመ ገጽ ጠራ።

«ካሮቱ እንዴት አማረ!» አለች ባለቤቴ። እኔም የጉልበቴን ፎቶ ለእህቴ ላክሁላት።

ጳጉሜን ላይ እማማ መደቡ ጫፍ ቆመው፣ በአዲሱ ዓይናቸው ቁልቁል ሲመለከቱ አገኘኋቸው።

«ካሮትህ እንቡጥ ይዟል» አሉኝ።

«አይሆንም እማማ። ካሮት የሚያብበው በሁለተኛ ዓመቱ ነው።» መመሪያው እንዲህ ይላል፤ ደግሞም እውነት ነው።

«እንግዲህ ይሄ ቸኩሏል።»

ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹት፤ አሸተቱት። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ አፍንጫዬ አመጡት። ካሮት ካሮት አይልም። ምንም አይልም፤ ሣር ነው።

«ስታርም አንድም ቀን ሽተት አላደረግኸውም?»

ወረቀት የሚሸተት ነገር መሆኑን ማን ነገረኝ? እኔ ዓይን እንጂ አፍንጫ ለሥራ እንደሚሆን አላውቅም። እማማ ግን ዓመታት ሙሉ ሞራ ጋርዷቸው ጎመኑን ከሰናፍጭ፣ ድምብላሉን ከአረም የለዩት በጣታቸውና በአፍንጫቸው ነበር።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መደቤ ፈነዳ። ሁለት ሜትር ሙሉ አደይ አበባ! ሰው ዘርቶት የማያውቅ፣ ዘሩ በሱቅ የማይሸጥ፣ በየዓመቱ ከእንጦጦ ቁልቁል የወረደውን ነፋስ ተከትሎ የሚመጣ። ሳይንሱ ቢደንስ ማክሮፕተራ ይለዋል፤ የመጀመሪያው ቃል በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ»፣ ሁለተኛው በግሪክ «ባለ ትልቅ ክንፍ» እንደ ማለት ነው። ጥርሱን አላየሁትም፤ በክንፉ ግን እኔ በወንፊት የነፋሁት አፈር ላይ ማረፉን መስክሬአለሁ። ነቅዬ የጣልኩት ካሮት ነው፤ ተንከባክቤ ያሳደግኩት አረም ነው። ልክ በመስከረም አንድ ዋዜማ፣ ያለ አንዲት ስህተት።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሴት ልጆች አበባየሆሽ ሊሉ መጡ። አጥራችን ላይ ተንጠልጥላ ጓሮውን ያየች አንዲት ትንሽ ልጅ ለሌሎቹ ጠቆመቻቸው። ድሮ አደይ ለመቅጠፍ ወደ ጋራው መውጣት ነበረብን፤ አሁን ጋራው አጥር በአጥር ሆኗል፣ ልጆቹም አበባውን ከመንገድ ዳር ነው የሚገዙት። ፈቀድኩላቸው። ከበሮአቸውን ትተው መደቡ ውስጥ ገቡና እቅፍ እቅፋቸውን ይዘው ወጡ። ገና ብዙ ተርፎ ነበር፤ ንቡ እስከ ጥቅምት ድረስ ሲጮህበት ከረመ። መሪጌታ አጥሩ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው «ይኸውልህ መፀው» አሉኝ፤ እሳቸው ክርክር አይረሱም። ለበዓሉ ከሆላንድ የመጣችው እህቴ ደግሞ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «ካሮቱ የታለ?» አለች።

ካሮቱ ሦስት ነበር። ከአበባው መሐል ተደብቆ የተረፈ፣ የትንሽ ጣት ያህል። እማማ ጠበስ አድርገው ለልጆቹ አካፈሉት። «እኛ አገር ይሄ አበባ ማሳ ከገባ ተነቅሎ ለከብት ነው የሚሰጠው» አሉ፤ ቢሆንም አንድ ዘለላ በብርጭቆ ውሃ አድርገው አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው ነበር።

የብስባሹን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው፤ ሳስታውሰው አሁንም ይጤሰኛል። ከሰኔ ጀምሬ ጓሮ ጥግ ላይ ክምር ሠርቼ ነበር፦ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎረቤት ላም እበት፣ በየበዓሉ ቤት የሚነጠፈው ቄጠማ። በየሁለት ሳምንቱ እየገለበጥኩ፣ ውስጡ ሲሞቅ እጄን እየሰደድኩ፣ ከልጆቼ እኩል አሳድጌዋለሁ። ኅዳር 12 ቀን ከሥራ ለምሳ ስመለስ የሰፈሩ ጭስ መሐል የእኔ ጭስ ጎልቶ ይታያል። ኅዳር ሲታጠን መሆኑን እንዴት ረሳሁ! በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማውን ሲያጭድ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ሲተርፉ፣ ከያን ጊዜ ጀምሮ በዚህ ቀን ቆሻሻ ያላቃጠለ ቤት የለም። እማማ እሳቱ አጠገብ ቆመው በሹካ ይቆሰቁሳሉ።

«ጉድፍ ታቅፈህ ኅዳርን ልታሳልፍ ነበር?»

ምን ልመልስ? በስምንት ሰዎች ፊት ቆሻሻዬ ቆሻሻ አይደለም ብዬ ልከራከር? ደግሞ በደንብም አልነደደም፤ እርጥብ ስለሆነ ሦስት ቀን ሙሉ ጨሰ። ከሥሩ ደግሞ፣ እንሽላሊትና ነጭ ትል ከሸሸ በኋላ፣ ሰውነቱን አመድ የለበሰው ዋና አዘጋጅ ቀስ እያለ ወጥቶ፣ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ዘሎ፣ ወደ ኩሽና ገባ። የእማማን ጩኸት መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን ሆነው መስማታቸውን ነግረውኛል።

እህቴ ስትመጣ ሃያ የቱሊፕ ሥር ይዛልኝ ነበር። መልኩ ቁርጥ ሽንኩርት ነው፤ ቡናማ ልጣጭ፣ ሹል አናት። ቱሊፕ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሳምንት ብርድ ካልተኛበት በወጉ አያብብም። ሆላንድ ክረምቱ ያስተኛዋል፤ እኛ ጋ የሚያስተኛው ፍሪጅ ነው። በወረቀት ከረጢት አድርገን፣ ሙዝና ፖም እንዳይጠጉት (ጋዛቸው በውስጥ ያለውን አበባ ይገድላል) አትክልት መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥነው። ከረጢቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አይነካ» ብዬ ጻፍኩ። እማማ ፊደል አይቆጥሩም። ይህን አስቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ማንበብ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ብቻ ስውል ዓለም ሁሉ አንባቢ መስሎኝ ነው።

ጾመ ነቢያት በገባ በሳምንቱ ገደማ፣ የምሳ ምስር ወጥ ቀረበ። እማማ ከመጡ ጀምሮ ቁሌት የሚያቁላላው እሳቸው ናቸው፤ ማንም አይነጥቃቸውም።

«ዘንድሮ ሽንኩርቱን ምን ነካው?» አሉ እየቆረሱ። «ስከትፈው አንድ እንባ አላስወጣኝም። ደግሞ አይቀላ፤ እንደ አጥሚት ወፈረብኝ።»

እኔ ሁለት ጊዜ ጎርሼ ነበር። ከንፈሬን ለብለብ አደረገኝ፤ ጣዕሙ እርጥብ ሰጋቱራ ነው። ተነስቼ ፍሪጁን ከፈትኩ። ከረጢቱ ተቀዶ ስምንት ቀርቷል። ልጄ ሆዱን አመመው፣ እኛም ማታውን ደህና አላደርንም። ለእህቴ ስደውል ስቃ ስቃ ከጨረሰች በኋላ ቁም ነገር ነገረችኝ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት፣ ሆላንዶች ራሳቸው የቱሊፕ ሥር በልተዋል። ግን መሐሉ ላይ ያለችውን ቢጫ ቡቃያ አውጥተው ይጥሉ ነበር። እማማ አላወጡም። ከየት ያወቁና?

ለሦስት ቀን አልተነጋገርንም። ልክ ነው፣ ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም፤ ግን ያ ቲማቲም፣ ያ ሰላጣ፣ ያ ካሮት፣ ያ ብስባሽ ሁሉ በአሥራ ሁለቱ ቱሊፕ ላይ ተጨምሮ ከረረብኝ። በአራተኛው ቀን መንዝ ልሂድ አሉ። ባለቤቴ እኔን አየች፤ እኔ ጣሪያውን። ሄዱም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስምንቱን ቱሊፕ የካሮቱ መደብ ላይ ተከልኩ። አምስቱን ፍልፈል ከሥር ወሰዳቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ከሮቶ አራት ባልዲ ውሃ ባፈስስበትም እሱ የራሱን ጸጥታ የያዘ፣ ሥር እየቆረጠመ የሚኖር ሰው ነው፤ የፈረቃ ውሃዬን ብቻ ጨረስኩ። ሁለቱ ቅጠል አውጥተው እዚያው ቀሩ። የካቲት ሲገባ ከቀረችው አንዷ መሐል እንቡጥ ወጣ።

እማማ ለዓይናቸው ክትትል የተመለሱት በዚያው ሳምንት ነው። ቱሊፗ ተከፍታለች፤ አንገቷ አጭር፣ ቀይ፣ የስኒ ያህል። ወደ ጓሮ ይዣቸው ወጣሁ፤ እጃቸውን መያዝ ባያስፈልገኝም ያዝኩ። ብዙ ቆሙ።

«ይሄ ነው ያ ሽንኩርት?»

«ይሄ ነው እማማ።»

ጎንበስ አሉና አሸተቱት። እንደገና አሸተቱት። ቱሊፕ ብዙው አይሸትም።

«ወጡ ውስጥም እንዲሁ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ የአይጥ ወፎቹ ኮኩ ላይ ሰፍረው ሲንጫጩ ሰምቼ ሮጥኩ። ቱሊፗ የለችም። በቦታዋ ድሮ አፈር የነፋሁበት ያ አሮጌ ወንፊት ተደፍቷል፤ ነፋስ እንዳያነሳው ዙሪያውን ድንጋይ ተጭኖበታል፣ አፈሩም ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ረጥቧል። ድንጋዩን አንስቼ ወንፊቱን ቀና አደረግኩ። ቱሊፗ ደህና ናት። ከሥሯ፣ እርጥቡ አፈር ላይ፣ ዋና አዘጋጁ ጉሮሮውን እየነፋ ተቀምጧል።

ቀስ ብዬ መልሼ ደፋሁት፤ ድንጋዩንም እንደነበረ አስተካከልኩ። ለእማማ አልነገርኳቸውም።